በቦርሳዬ የመጣው ጽዋ

ባለፈው ዓመት መተማ ዮሐንስ መናኸሪያ የጎንደር መኪና ስጠብቅ፣ ከሱዳን ወገን ተሰዳ የመጣች አንዲት ሻይ ሻጭ በርጩማዎቿን ከመደርደሯ በፊት መሬቱን በጣሳ ውሃ ረጨችው። የተረጨ አቧራ ሽታ ከዝናብ ሽታ ይለያል። ዝናብ ሲዘንብ የሚሸተው አገሩ ሁሉ ነው፤ ይኼኛው ግን አንድ ምንጣፍ የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ብድግ ይልና ይጠፋል። የእናቴ ሽታ ነው። ረዳቱ "ጎንደር! ጎንደር!" እያለ ሲጮህ፣ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ገዳሪፍ ገብቼ ነበር። መኪናውም አመለጠኝ።

እናቴ ገዳሪፍ የእህል ገበያው አጠገብ፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ሻይ ትሸጥ ነበር። አባቴ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መፋዛ እርሻዎች ይሄዳል፤ ከሄደ የገና በዓል ሲደርስ እንጂ አይመለስም። ስለዚህ በዚያ ወራት ቤቱ የእኔና የእሷ ነው። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት ዛፉ ሥር ብርጭቆ አጥባለሁ።

የእናቴ ስም ጥሩወርቅ ነው። ዛፉ ሥር ግን ፋጡማ ነበረች። ሰሊጥ ጫኞቹ "ጥሩወርቅ" ማለት አቃታቸውና አንድ ቀን አንዱ "ያ ፋጡማ!" ብሎ ጠራት። እሷም በነሱው "አዎ"፣ በ"አይዋ" መልሳ ሻዩን ሰጠችው፤ በዚያው ቀረ። እንደ አገሩ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመውን ቶብ ትለብሳለች። ያለ ቶብ እዚያ መቀመጥ ለሰው ዓይን መዳረግ ነው ትል ነበር። ማተቧ ከውስጥ ነው፣ አይታይም። እኔ ደግሞ ሁለት እናት ያሉኝ ይመስለኝ ነበር፤ ጠዋት ጥሩወርቅ ትወጣለች፣ ማታ ፋጡማ ደክሟት ትመለሳለች። እውነቱን ልናገርና ፋጡማን አስበልጥ ነበር፤ እሷ ሳቂታ ናት።

በሰፈራችን ያሉ የሀበሻ ሴቶች የማርያም ማኅበር ነበራቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት ይዞራል። ጽዋው የደረሳት ሴት የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ናት። አገር ቤት ጽዋ የሚሸኘው በእልልታና በዝማሬ ነው። ገዳሪፍ ላይ ግን እልልታ ሲቀልጥ የጎረቤት አንገት በአጥሩ ላይ ብቅ ይላል፤ አንዳንዴም፣ መጠጥ ክልክል ነውና፣ "ጠላ ጠምቀዋል" ተብሎ ፖሊስ ድንገት ቤት ይፈትሻል። ጠላ እንኳ አልነበረም፤ ጽዋው የሚሞላው ከርከዴ በሚሉት ቀይ የአበባ መጠጥ ነው። እናም ሴቶቹ ዘዴ አበጁ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከድግሱ ዳቦ ቆርሰው ጨምረው፣ በልጃቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ይከቱታል። ልጁ ትምህርት ቤት ወስዶ ለተረኛዋ ልጅ ያስረክባል። የልጅ ቦርሳ ማንም አይፈትሽም።

እናቴ ከአሥራ ሁለቱ አልነበረችም። "ሃይማኖቷን ለውጣለች" ይሉ ነበር። ስሟ ፋጡማ፣ ልብሷ ቶብ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በየወሩ በሃያ አንድ ሴቶቹ ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው በዛፉ በኩል ያልፋሉ። እናቴ "እንደምን ዋላችሁ" ትላለች፤ እነሱም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያን ቀን እንደ ፋጡማ አትስቅም። ምን እንደሆነች ስጠይቃት "ፀሐዩ ነው" ትለኛለች። እኔም ለብዙ ጊዜ በሃያ አንድ ቀን ፀሐዩ የሚብስ መስሎኝ ኖርኩ።

የሀበሻ ልጆች የምንማርበት ትምህርት ቤት ኪራይ ግቢ ነበር። አራት ክፍልና ዚር የሚሉት የውሃ ጋን በጥላ ሥር፤ አለቀ። ልጆቹ በአማርኛ ጀምረን በዓረብኛ እንጨርሳለን፤ ከመካከላችን ደግሞ ትግርኛ የሚቀላቅሉ ነበሩ። ጽዋ የተረከበ ልጅ በዚያ ግቢ ውስጥ ንጉሥ ነው። ኳስ አይጫወትም፣ አይሮጥም፣ ቦርሳውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ እቀናለሁ። ከቅናቴም የተነሣ ማንም ሳይነግረኝ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ጽዋ የያዘ ልጅ ቤቱ ሳይደርስ ከተናገረ፣ እመቤታችን ከቦርሳው ወጥታ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ልጆቹ ዝም የሚሉት ሸክላው እንዳይሰበርባቸው መሆኑ በፍጹም አልታየኝም።

የኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። በእረፍት ዚሩ ዘንድ ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ቦርሳዬ ከብዷል። ከፈት ሳደርገው ነጭ ጨርቅ። ጨርቁን በጣቴ ስነካው ሸክላ።  ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም ደብተሩን ያያል። ያን ጊዜ እንኳ "አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ ደብተር የሚያየው ከመቼ ወዲህ ነው?" አላልኩም። ማን እንደሰጠኝ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ሕጌ ትዝ አለኝ። ገጠምኩት።

መንገዱ ሩቅ ነው፤ በዘይት መጭመቂያዎቹ በኩል ነው የሚያልፈው። ግመሏ እየዞረች ሰሊጥ ትጨምቃለች፤ ሌላ ቀን ቆሜ አያት ነበር፣ ያን ቀን አልቆምኩም። በራችን ላይ ያከራየችን ሓጃ ኑራ "ኬፍ ያ ቢት?" ብላ ደህንነቴን ስትጠይቀኝ አለፍኳት። ትልቅ ሰው ሰላም ብሎኝ ዝም ያልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ አኩርፋኝ ዋለች።

እናቴ ለምሳ ቤት ገብታ ነበር፤ ጨርቁን ፈታችው። ከንፈሩ የተሸረፈ የሸክላ ዋንጫ ነበር፤ ከውስጡ አንድ ቁራሽ ዳቦ። ዳቦውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ቆየችበትም። ከዚያ እኔን አየችኝ። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ አፌ እንደተገጠመ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ተናገሪ እንጂ።"

"አሁን መናገር እችላለሁ? ቤት ገብቻለሁ አይደል?"

"ገብተሻል።"

"ጽዋው ለእኛ ደረሰ!" አልኳት።

ወጥታ እጇን ታጥባ ተመለሰች። ዋንጫውን በሁለት እጇ አንሥታ ሳመችው። "እንኳን ደረሰን" አለች። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። ደስታ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት፤ ማን ሰጠሽ ብላ አለመጠየቋ እንኳ አልገረመኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። እናቴ ኖራ በጥብጣ ግድግዳውን ነጭ አደረገችው፤ የጣራውን ሸረሪት ድር በረጅም መጥረጊያ አወረደች። ሓጃ ኑራ ኩርፊያዋን ትታ ሲኒያ የሚሉትን ትልልቅ ትሪ አዋሰችን። ጾም ገብቷል፣ ስለዚህ የሚሠራው ሽሮና ፉል ነው። እናቴ ባቄላውን ስትለቅም ታንጎራጉራለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንግዶቹ የት የት እንደሚቀመጡ እደለድላለሁ፤ በርጩማዎቹን ከዛፉ ሥር አምጥተን ቆጠርናቸው፣ ሰባት ናቸው፣ አምስት ይጎድላል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ሥዕል አለ። የሻይ ማፍያ ነው፤ ክዳኑ ላይ መስቀል ተተክሎበታል። ከሥሩ በትልቁ "የፋጡማ ጽዋ፦ በስኳር ወይስ ያለ ስኳር?" ይላል። ክፍሉ በሙሉ አፉን ይዞ ይንፈቀፈቃል። እኔ አንብቤም አልገባኝም። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ሰናይት፣ ትግርኛ የምትቀላቅለው ደግ ልጅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ትርንጎ፣ የዘንድሮው ኅዳር ጽዮን ማርያም የማኅበርተኛዋ የእትዬ እንግዳዬ ቤት ነው። ጽዋው ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ ነው ያለው። ያንቺ ሲቀልዱብሽ ነው፣ ወላሂ።"

 መምህር አስረስ ገቡና ሰሌዳውን አዩ። አልተቆጡም። "ማነው?" ሲሉ አርባ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የሚታይ ነገር የለውም" አሉ። ሥዕሉን በእጅጌያቸው እያጠፉ፣ "ይህን የሣለው ልጅ እጁ ጎበዝ ነው፤ ልቡ ግን ገና አልደረሰም" ብለው ወደ ሒሳቡ ሄዱ።

እኔ ቂመኛ ነኝ፤ አልደብቅም። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ጀመርኩ። ሲያየኝ ያሳለ ልጅ ይገባል፣ ሲያየኝ ያላሳለም ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ የክፍላችን ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን ሰናይትንም ጽፌያታለሁ፤ ኃጢአቴ ነው። ማን እንደሠራው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ቀን ያስጨነቀኝ ማን መሆኑ አልነበረም። እናቴ ናት። ግድግዳ ቀብታ፣ ትሪ ተውሳ፣ ባቄላ ለቅማ፣ ኅዳር ሃያ አንድ በሯን ከፍታ ቁጭ ትላለች፤ ማንም አይመጣም። ሴቶቹ እነ እንግዳዬ ቤት ይበላሉ፤ በማግስቱም ከተማው ይስቅባታል። ልነግራት ወስኜ ገባሁ። ከሣጥን ያወጣችውን ነጠላ አጥባ በገመድ ላይ ስትዘረጋ አገኘኋት። ፀሐይ አሳልፎት ጥለቱ ቦግ ብሏል።

"እማዬ።"

"ወዬ የኔ አበባ።"

"ምንም" አልኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እማማ ደብሪቱ ቤት ሄድኩ። እማማ ደብሪቱ የማኅበሩ መሪ ናቸው። የማኅበር መሪ ሙሴ ነው የሚባለው፤ እኔ ደግሞ ባሕር የከፈለው ሙሴ የሥጋ ዘመዳቸው ይመስለኝ ነበር፣ ከዘራ መያዛቸውም ጥርጣሬዬን አጥብቆታል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የጥሩወርቅ።"

"የትኛዋ ጥሩወርቅ?"

ምራቄን ዋጥኩ። "ሻይ የምትሸጠዋ።"

"እህ" አሉ። ሰፌዱ ግን አልቆመም።

መናገር ስጀምር እንባዬ ቀደመኝና ነገሩን ከመሐሉ ጀመርኩት። "ቀስ በይ" አሉኝ። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።" ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ቦርሳውን፣ ዋንጫውን፣ ግድግዳውን፣ ሰሌዳውን።

"በእመቤታችን ስም ይቀለዳል? ወይ ጉድ" አሉ። "ታዲያ ከኔ ምን ፈለግሽ? ቀልደውባታል ብዬ እንድነግራት ነው?"

"አይደለም እማማ! እንዳይነግሩብኝ። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ ብዬ ነው። እርስዎ ባይመችዎት አንድ ሰው ይላኩ። ትንሽ ቀምሶ ይሂድ።"

ሰፌዱ ቆመ። "ማተብ አላት?"

"አላት። ከቶቡ ሥር ነው። ስትተኛ አየዋለሁ።"

"ትጾማለች?"

"ትጾማለች። ለሰው በወተት ስታፈላ ጣቷን እንኳ አትልስም።"

ሰፌዱን እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ከዚያ "ቃል አልገባልሽም" አሉ። "ተራው የእንግዳዬ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ቤት መዞር ደግሞ ጉልበቴ አይችልም። በይ ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች።" ወደ ቤት ስመለስ ዘይት መጭመቂያው ጋ ቆምኩ። ግመሏን እያየሁ አለቀስኩ፤ ባለ መጭመቂያው የራበኝ መስሎት የሰሊጥ ፋጉሎ ሰጠኝ። በላሁት።

የኅዳር ጽዮን ቀን እናቴ ሻይ ልትሸጥ አልወጣችም። ነጠላዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቤቱን እንደገና ጠረገች። ትሪዎቹ ተሸፍነዋል፣ ከርከዴው በጆግ ነው። እኔ የግቢው በር ላይ ተቀመጥኩ። የከሰዓቱ የዓሥር ሶላት አዛን ተባለ፤ የመጣ የለም። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ኮቴው ያልፋል። እናቴን ዞር ብዬ ሳያት፣ ወደ በሩ አታይም። ባቄላውን ታማስላለች። "ምን ያስጨንቅሻል፣ ነይ ጨው ቅመሺልኝ" አለችኝ። ይህች ሴት ምንም አታውቅም ብዬ ልቤ ተሰነጠቀ።

ፀሐይ ሲበርድ በሩ ሦስት ጊዜ ተቆረቆረ፤ የከዘራ ድምፅ ነው። "ቤቶች!" አሉ እማማ ደብሪቱ። ከኋላቸው ከእነ እንግዳዬ ቤት የመጡ ሦስት ማኅበርተኞች አሉ፤ ነጠላቸው በፌስታል አይደለም፣ ለብሰውታል። ገቡ። ግድግዳውን ቀና ብለው አዩና "ነጭ ሆኗል" ብለው ተቀመጡ። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። እናቴ ዋንጫውን ሞልታ ይዛ ፊታቸው ቆመች። ግን አልሰጠቻቸውም።

"እማማ፣ ሳይቀምሱት አንድ ነገር ልናገር። ይህ ጽዋ ከእናንተ እንዳልመጣ አውቃለሁ።"

እኔ በቆምኩበት ደረቅኩ።

"ከመቼ ጀምረሽ ነው የምታውቂው?" አሉ እማማ ደብሪቱ።

"ከመጣበት ደቂቃ። አብሮት የነበረው ዳቦ የዳቦ ቤት ዳቦ ነው። የማርያምን ዳቦ ከሱቅ የምትገዛ ደጋሽ የታለች?" ዋንጫውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "ልጄ ያን ሁሉ መንገድ አፏን ዘግታ ተሸክማው መጣች። 'ቀልደውብሽ ነው' የምልበት አፍ አጣሁ። እንግዲያው ልደግስ አልኩ። ሰው ቢመጣ ይመጣል፤ ባይመጣ ጎረቤት ይቀምሰዋል። በእመቤታችን ስም የተጠራ አይጣልም።"

 እማማ ደብሪቱ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ይህችም ልጅሽ ቤቴ መጥታ ነበር። እናቴ እንዳታውቅብኝ ብላ እያለቀሰች ለመነችኝ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አፈርኩ፤ እሷም አፈረች። ሁለት ሌቦች አንድ ጎተራ ውስጥ ሲገናኙ እንደዚያ ሳይሆኑ አይቀርም። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እናቴም ሳቀች፤ ጥሩወርቅ እንደዚያ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

"አምጪው" አሉ እማማ ደብሪቱ። ተቀበሏት፣ አማተቡበት፣ ተጎነጩ፣ ለሚቀጥለዋ አቀበሉ። በሉ። ፉሉ ሁለት ጊዜ ተጨመረ። ስለ አጨዳው፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ተወራ። እኔ ከግድግዳው ተለጥፌ ስለ ቀልዱ የሚናገር ሰው ጠበቅሁ፤ ማንም አላነሣውም።

ሊወጡ ሲሉ እማማ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"የታኅሣሡ እኔ ቤት ነው።"

"እሷ ታድርስዎ እማማ" አለች እናቴ። ወሬ የነገሯት መስሏት ነው።

"ማድረሱንስ ታድርሰኝ። አንቺ ግን ከሌሎቹ ቀድመሽ በጧት ነይ። ሽንኩርት የሚልጥልኝ ሰው የለም።"

"እሺ" አለች። በሩን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ገፋች፣ ጀርባዋን ለቆርቆሮው ሰጥታ ቆመች። ሲስቁባት ያላለቀሰች፣ በየወሩ ሲያልፏት ያላለቀሰች ሴት እንባዋ በነጠላዋ ላይ ይወርድ ጀመር።

"ሰማሽ ትርንጎ?" አለችኝ። "ሽንኩርት ላጪልኝ አሉኝ እኮ።"